የስድስት ኪሎ አንበሶች የሚመሰክሩት፦ ሥር ለሰደደ አንድ አስተያየት የቀረበ ምላሽ

አዲስ አበባ ውስጥ «ልጆቹ አውሬ ይዩ» ከተባለ የሚታሰበው ቦታ አይበዛም። ክረምት ላይ ከውጭ የሚመጡ ቤተሰቦች፣ የትምህርት ጉዞ የሚያዘጋጁ መምህራን፣ ለእንግዳ የግማሽ ቀን መርሐ ግብር የሚያወጡ አስጎብኚዎች ሁሉ ከፒያሳ ተነሥተው ወይ አራት ኪሎ ወደ አንድነት ፓርክ፣ ወይ ስድስት ኪሎ ወደ አንበሳ ግቢ ያመራሉ። በመንገድ ላይ የሚሰጠው ገለጻም እንደ መንገዱ የታወቀ ነው። ጥቁር ጎፈር ያለው አንበሳ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የለም ይባላል። ይህንንም የውጭ ተመራማሪዎች በዘረመል ምርመራ አረጋግጠዋል ይባላል። ስለዚህ ግቢውን ያየ ሰው የኢትዮጵያን አንበሳ አይቷል።

አስተያየቱ እንዲህ የተስፋፋው ያለ ምክንያት አይደለም። አንበሳ በዚህች ከተማ ከእንስሳነቱ አልፎ በማኅተም፣ በሐውልት፣ በአውቶቡስና በጫማ ፋብሪካ ስም ሳይቀር አብሮን ኖሯል። እንዲህ ላለ እንስሳ «የብቻችሁ ነው» የሚል የላቦራቶሪ ምስክር ሲገኝ ምስክሩን መስቀለኛ ጥያቄ የሚጠይቀው አይኖርም። እኔ ልጠይቀው እፈልጋለሁ። ከሦስቱ አባባሎች የመጀመሪያው ስሕተት ነው፤ ሁለተኛው ጥናቱ ከተናገረው በላይ ተለጥጧል፤ ሦስተኛው ደግሞ ሁለቱ እውነት ቢሆኑ እንኳ ከእነሱ አይከተልም። ጉዳዩ የምሁራን ንትርክ ብቻ ቢሆን ኖሮ ለባለሙያዎቹ መጽሔት በተውኩት ነበር። ነገር ግን ሰው ምን ለማየት እንደሚሄድ፣ ልጁንም ምን ብሎ እንደሚያስተምረው የሚወስነው ይኸው አባባል ነው።

ከጎፈሩ እንጀምር። ከግቢው ወንዶች አንዱን በብረት ፍርግርጉ በኩል ጠጋ ብሎ ያስተዋለ ሰው የሚያየው ነገር በእርግጥ ያስደምማል። ፀጉሩ ፊቱን ከብቦ ቡናማ ሆኖ ይጀምርና ወደ ትከሻው እየጠቆረ ይሄዳል፤ ደረቱን አልብሶ ሲያበቃ እዚያም አይቆምም፣ በሆዱ ሥር ይዘልቃል። በቴሌቪዥን የሳቫና አንበሳ ማየት የለመደ ልጅ ሌላ እንስሳ ቢመስለው አይፈረድበትም። ይሁንና ጥቁር ጎፈር በታንዛኒያው ሴሬንጌቲም አለ፤ በደቡብ አፍሪካና በቦትስዋና የሚዘረጋው የካላሃሪ በረሓ አንበሳማ የሚታወቀው በዚሁ ነው። ፔይተን ዌስትና ክሬግ ፓከር የተባሉት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት የሴሬንጌቲ ጥናት፣ የጎፈር ጥቁረት ከወንዱ ዕድሜ፣ ከሆርሞኑና ከአካባቢው ሙቀት ጋር እንደሚሄድ አሳይተዋል። ሴቶቹ ጥቁሩን ይመርጣሉ፤ ጥቁሩ ግን ሙቀት ይጎዳዋል። ስለዚህ ቀዝቀዝ ባለ ስፍራ ጥቁር ጎፈር መያዝ ብዙ አያስከፍልም ማለት ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ደግሞ ብሩስ ፓተርሰንና ባልደረቦቹ በአሜሪካ የእንስሳት ማቆያዎች ያሉ ወንዶችን አነጻጽረው፣ የጎፈሩ ርዝመትና ጥቅጥቅታ እንስሳው በሚኖርበት ከተማ የክረምት ብርድ ላይ በእጅጉ እንደሚመሠረት ደረሱበት። ተመሳሳይ ዘር ያለው አንበሳ ብርድ አገር ሲያድግ ይጎፍራል፤ ሙቅ አገር ሲያድግ ይሳሳል።

ስድስት ኪሎ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር አካባቢ ላይ ያለ ቦታ ነው። የኅዳርን ሌሊት ያለ ጋቢ ያሳለፈ ሰው ቁጥሩ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። እዚያ ተወልዶ እዚያው ያደገ አንበሳ ቢጎፍር፣ ከጎፈሩ ውስጥ የእንጦጦ ብርድ ድርሻ ምን ያህል እንደሆነና የዘር ድርሻ ምን ያህል እንደሆነ ሳይለዩ «ልዩ ዝርያ» ማለት አይቻልም። ይህ ስሕተት አዲስ አይደለም። የቀድሞ የእንስሳት ሊቃውንት የሰሜን አፍሪካውን የአትላስ አንበሳና የደቡብ አፍሪካውን የኬፕ አንበሳ በዋናነት በጎፈራቸው ለይተው የየራሳቸውን ስም ሰጥተዋቸው ነበር። የዛሬው ምደባ ሁለቱንም ከየጎረቤቶቻቸው ጋር ቀላቅሏቸዋል።

ሌላም የሚታለፍ ነገር አለ። በአገራችን አንበሳ የገደለ ጀግና ጎፈሩን በራሱ ላይ ይደፋ ነበር፤ የመኳንንቱና የጦር አለቃው ዓይን የትኛው ጎፈር እንደሚያምር ለይቶ ያውቃል። ለቤተ መንግሥት ተይዞ የሚመጣ አንበሳ ታዲያ እንዲሁ ከመንጋው የተገኘው ነው ወይስ የተመረጠው? ይህ የእኔ ግምት ነው፤ ሰነድ አላቀርብበትም። ግን የግቢውን አንበሶች መልክ የዱር ወገኖቻቸው ሁሉ መልክ አድርጎ የሚወስድ ሰው ይህን ግምት መጀመሪያ ማፍረስ ይኖርበታል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንለፍ። «የኢትዮጵያ አንበሳ» የሚለው ሳይንሳዊ ሐሳብ ታሪኩ ከመጀመሪያው እስከ ዛሬ በቤተ መንግሥት አንበሳ ላይ የተጻፈ ነው። እ.ኤ.አ. በ1903 መጨረሻ የአሜሪካው መልእክተኛ ሮበርት ስኪነር አዲስ አበባ ገብቶ ከዐፄ ምኒልክ ጋር የንግድ ውል ተፈራረመ። ሲመለስ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት ከተላኩት ስጦታዎች መካከል አንበሶች ነበሩበት። ከዚያ ስጦታ የሆነ አንበሳ ዋሽንግተን በሚገኘው ብሔራዊ የእንስሳት ማቆያ ኖሮ ሞተ። እ.ኤ.አ. በ1913 ኤድመንድ ሄለር የተባለው አጥኚ ያንኑ እንስሳ መነሻ አድርጎ «የሩዝቬልት አንበሳ» የሚል የንዑስ ዝርያ ስም አወጣ። የአበሻ አንበሳ ለብዙ ዘመን በመጻሕፍት የተጠራው በዚህ ስም ነው። ልብ በሉ፤ ስሙ ከአንበሳው አገር አልወጣም፣ ከስጦታው ተቀባይ ወጣ። ሄለር የደጋውን መንጋ ሄዶ አላየም፤ ያየው በብረት አጥር ውስጥ ያረጀ የንጉሥ ስጦታ ነው። የዛሬ ምደባም ስሙን ራሱን ችሎ አይቀበለውም።

እዚህ ላይ የሚከራከረኝ ሰው አንድ ጥሩ መልስ አለው፤ እኔው ላቅርብለት። እ.ኤ.አ. በ1882 ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ አንድ የሜዳ አህያ ልከው ነበር። ፓሪስ የደረሰችውን እንስሳ ኤሚል ኡስታሌ የተባለው ሊቅ መርምሮ ከሌሎች የተለየች ዝርያ ናት አለ፤ በፕሬዚዳንቱም ስም ሰየማት። ይህ ድምዳሜ እስከ ዛሬ ጸንቷል። በአላይደጌ ሜዳና በሰሜን ኬንያ የምትታየው፣ ትልልቅ ጆሮና ቀጫጭን መስመር ያላት የሜዳ አህያ እሷው ናት። ስለዚህ ከቤተ መንግሥት የወጣ አንድ ስጦታ እውነተኛ ዝርያ ሊያሳውቅ ይችላል ቢሉኝ፣ አዎ፣ ይችላል። ነገር ግን የግሬቪን የሜዳ አህያ ዝርያ ያደረጋት የፓሪሱ ገለጻ ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ ሰዎች ሜዳ ወርደው፣ መንጋውን አግኝተው፣ ከሌላው የሜዳ አህያ ጋር በአንድ አካባቢ እየኖረ ብዙም እንደማይቀላቀል አይተው ነው የጸናው። የአንበሳው ጉዳይ የጎደለው ይህ የሜዳ ማረጋገጫ ነው።

ሁሉም የሚጠቅሰው ጥናት በሱዛን ብሩሸ መሪነት የተሠራው ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 መጨረሻ ይፋ ሲሆን ዜናው ዓለምን አዳረሰ። በሥራው ከአዲስ አበባ ጋር የእኅትማማች ከተማ ውል ያላት የላይፕሲግ የእንስሳት ማቆያ ሰዎችም ተሳትፈዋል። ያደረጉት ግልጽ ነው። ከስድስት ኪሎው ግቢ 15 አንበሶች ናሙና ወሰዱ፤ ማይክሮሳተላይት በሚባሉ የዘረመል ነጥቦች ላይ ከስድስት የዱር አንበሳ ሕዝቦች ጋር አነጻጸሩ፤ በእናት በኩል ብቻ የሚተላለፈውን የማይቶኮንድሪያ ዘረመልም ጨመሩበት። የግቢው አንበሶች ከተነጻጸሩት ሁሉ ተለይተው ወጡ። የዝምድና እርባታ ያደረሰው ጉዳትም ጥቂት ሆኖ ተገኘ። ተመራማሪዎቹ ይህ ዘር ሳይጠፋ የእርባታ መርሐ ግብር በአስቸኳይ ይጀመር አሉ።

ሥራው ንጹሕ ነው፤ ቁጥሩን አልጠራጠርም። የምጠራጠረው ቁጥሩ በአስጎብኚ አፍ ሲገባ የሆነውን ነው። «ከተነጻጸሩት ስድስት ሕዝቦች የተለየ» ማለት «በዓለም ላይ ከሌላ የማይገኝ» ማለት አይደለም። የግቢው አንበሶች ከየትኛው የዱር መንጋ እንደመጡ፣ ያ መንጋ ዛሬም ይኑር አይኑር ተመራማሪዎቹ ራሳቸው በጥያቄነት ትተውታል። የልጁን ደም ከማያውቃቸው ስድስት ቤተሰቦች ጋር አመሳክረው ልዩ ሆኖ ያገኙት ሰዎች ወላጆቹን ገና አላገኙም። ወላጆቹ ሳይገኙ ልዩነቱ የመጣው ከዘሩ ጥንታዊነት ይሁን በግቢው ውስጥ ከሆነው ነገር መለየት ያስቸግራል።

በግቢው የሆነው ነገር ደግሞ ቀላል አልነበረም። አንበሳ ግቢው በ1940 ዓ.ም. በዐፄ ኃይለ ሥላሴ ሲቋቋም መሥራቾቹ ሰባት ነበሩ ይባላል፤ አምስት ወንድና ሁለት ሴት፣ ከደቡብ ምዕራብ የመጡ። ይህ ቃል እውነት ከሆነ ከዚያ በኋላ የተወለደው ሁሉ በእናት በኩል ከሁለት አንበሶች በላይ አይቆጥርም። ከሠርገኛ ጤፍ ጆንያ ዓይኑን ጨፍኖ ሰባት ፍሬ የለቀመ ሰው፣ ዕጣው አድርሶት አምስቱ ወይም ስድስቱ ቀይ ሊሆኑለት ይችላሉ። እነዚያን ዘርቶ፣ አምርቶ፣ ደግሞ ከዚያው እየዘራ ሃምሳ ዓመት ቢቆይ ጎተራው ከመነሻው ጆንያ የተለየ ይሆናል፤ ልዩነቱም በመለኪያ ይታያል። ግን አዲስ የጤፍ ዓይነት አልተገኘም። ተመራማሪዎቹ የዝምድና እርባታ ጉዳቱ ጥቂት ነው ማለታቸው ይህን አያስቀርም፤ ያኛው የሚለካው የዘሩን ስብጥር መሳሳት ነው፣ እኔ የምለው ግን የስብጥሩን በዕጣ መዛባት ነው።

በዚህ ላይ የሰው እጅ አለ። የትኛው ወንድ ከየትኛዋ ሴት ጋር ይሁን የሚለውን የሚወስነው በር የሚከፍትና የሚዘጋ ሰው ነው። የትኛው ግልገል ይደግ የሚለውንም እንዲሁ። እ.ኤ.አ. በ2006 ግቢው ቦታና የመኖ ገንዘብ አጥሮት ግልገሎችን በመርዝ እየገደለ ለሬሳ አድራቂዎች እንደሚሸጥ የዓለም የዜና ወኪሎች ዘግበው ነበር፤ ብዙ ሰው ያንን ጊዜ የሚያስታውሰው በቁጣ ነው። ከቁጣው በተጨማሪ ግን ሊታሰብ የሚገባው ነገር አለ። ልዩ ነው የምንለው ስብጥር ከስድስት ዓመት በኋላ ሲለካ የተለካው ከዚህ ሁሉ ያመለጠው ነው። የዱር ሕግ የመረጠውና የመኖ በጀት የመረጠው ዘር በላቦራቶሪ ወረቀት ላይ ተለይተው አይጻፉም።

ታዲያ የኢትዮጵያ የዱር አንበሳ የት አለ? በሐረና ደን፣ በከፋ ጫካ፣ በጋምቤላ ሜዳ አለ። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2016 ደግሞ የአንበሳ ተመራማሪው የሃንስ ባወር ቡድን ምዕራብ ጎንደር ውስጥ፣ በሱዳን ጠረፍ በሚገኘው አልጣሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሳ መኖሩን በካሜራ ወጥመድ አረጋገጠ። የአካባቢው ሰው ድሮም ያውቀዋል፤ ዓለም አቀፉ ካርታ ነበር ያላወቀው። (አልጣሽ ያለው ቋራ ነው። አንበሳ አላምደው በዙሪያቸው ያኖሩ የነበሩት ዐፄ ቴዎድሮስ ተወልደው ያደጉበት አገር አንበሳውን እስከ ዛሬ ማቆየቱ ቢያንስ ለታሪክ ወዳጅ ደስ ይላል።) የአልጣሹ ቆላ ሞቃት ነው። ከላይ ያነሣኋቸው ጥናቶች ትክክል ከሆኑ የዚያ ወንድ አንበሳ የስድስት ኪሎውን ያህል ይጎፍራል ብዬ አልጠብቅም። ኢትዮጵያዊነቱ ግን በምን ያንሳል?

ይህ ደግሞ ከ«ብቻችን» ተረት የበለጠ ወደሚያስደስት ነገር ያመጣናል። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የድመት ቤተሰብ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባወጡት ምደባ አንበሳ ሁለት ንዑስ ዝርያዎች ብቻ አሉት። አንደኛው የምዕራብ፣ የመካከለኛውና የሰሜን አፍሪካ እንዲሁም የሕንድ ነው፤ ሁለተኛው የምሥራቅና የደቡብ አፍሪካ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት አገር ኢትዮጵያ ነው። ላውራ ቤርቶላና ባልደረቦቿ ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ያሳተሙት የዘረመል ጥናትም የሰሜኑና የደቡቡ ቅርንጫፎች እዚህ እንደሚደራረቡ ያሳያል። የአገራችን አንበሳ ወግ እንግዲህ የአንድ ገለልተኛ ዘር ወግ ሳይሆን የሁለት ታላላቅ ዘሮች መገናኛ ወግ ነው። መገናኛ ደግሞ በአንድ ግቢ ባሉ ጥቂት አንበሶች አይወከልም፤ ጎንደርንም ከፋንም ባሌንም ይፈልጋል።

«እንግዲያው ለአንበሶቹ አትጨነቁ ልትል ነው» የሚለኝ ይኖራል። አልልም። የተያዘ እንስሳ ደህና ኑሮ የሚገባው ልዩ ስለሆነ ሳይሆን የያዝነው እኛ ስለሆንን ነው። ልዩነቱ የእንክብካቤ ቅድመ ሁኔታ ከሆነማ ነገ ሌላ ላቦራቶሪ «ልዩ አይደለም» ቢል ሥጋው ሊቀነስበት ነው። የእርባታውንም ሐሳብ አልቃወምም፤ የደቡብ ምዕራቡ መንጋ ጠፍቶ ከሆነ የግቢው ዘር የቀረ ብቸኛ ቅርስ ሊሆን ይችላልና መጠበቁ ብልኅነት ነው። የምቃወመው መጠበቂያው ተፈጥሮን እንደሚተካ ተደርጎ መነገሩን ነው። «አንበሳችን በሰላም ስድስት ኪሎ አለ» ብሎ የረካ ከተሜ በከፋ ጫካ መጨፍጨፍ እንቅልፍ አያጣም።

ከሌላ በኩል የሚመጣውም አስተያየት ሙሉ አይደለም። አንድነት ፓርክ በመስከረም 2012 ዓ.ም. በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ከተከፈተ ወዲህ «ስድስት ኪሎን ተዉት፣ የድሮ ጎጆ ነው፣ አዲሱን እዩ» የሚሉ በዝተዋል። ስፋትንና ንጽሕናን ካነጻጸርን ክርክር የለኝም፤ አዲሱ የተሻለ ነው። ነገር ግን ሁለቱም አንድ ነገር ናቸው፤ ሁለቱም የቤተ መንግሥት አንበሳ ናቸው። ስድስት ኪሎ የተመሠረተው የዛሬው ዩኒቨርሲቲ ገና ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በነበረበት ጊዜ ከአጠገቡ ነው። አሁን ደግሞ አንበሳው ወደ ምኒልክ ግቢ ተመልሷል። የዘመኑን አጥር አይቶ ዱር ገባሁ የሚል ጎብኚ ከአሮጌው አጥር ጎብኚ የበለጠ አልተማረም።

ስለዚህ ሰዎች የጉዞ እቅድ ሲያወጡ የምመክረው ቦታ እንዲቀንሱ አይደለም፤ ቅደም ተከተሉን እንዲያስተካክሉና በየቦታው ትክክለኛውን ነገር እንዲፈልጉ ነው። ከፒያሳ ራስ መኮንን ድልድይን ተሻግሮ አራት ኪሎ ሲደረስ በሳይንስ ፋኩልቲው ግቢ ውስጥ የእንስሳት ተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አለ። ቤተሰቦች ብዙውን ጊዜ የሚያልፉት እሱን ነው፣ የሞተ እንስሳ ማን ያያል ብለው። መጀመር ያለበት ግን እዚያ ነው። የደጋ አጋዘን ቀንድ እንዴት እንደሚጠማዘዝ፣ የትኛው ወፍ የቱ እንደሆነ በእርጋታ የሚታየው ተሞልቶ በቆመ እንስሳ ላይ ነው። ጥሩ ሙዚየም ደግሞ የተያዘበትን ቦታ ይጽፋል፤ አንበሳ ግቢው የጎደለው ይህ አንድ መስመር ነው። ቀጥሎ አምስት ኪሎ ብሔራዊ ሙዚየም ነው። ሰው ሁሉ ወደ ድንቅነሽ ይሮጣል፤ ልጆቹን ግን በዚያው አዳራሽ ባለ ሰይፍ ጥርሱ ድመት ቅሪት ፊት አቁሟቸው። በዚህ ምድር ላይ አንበሳ ብቻውን ነግሦ እንዳልኖረ ያለ ብዙ ቃል ይገባቸዋል።

ከዚያ ስድስት ኪሎ። እዚህ የሚታየው ታሪክ ነው፤ ግቢውን እንደ ቤተ መዛግብት ብታዩት ምንም አያሳፍርም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በኢጣሊያው ገዢ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረበትና ሕዝብ የተጨፈጨፈበት ቤተ መንግሥት ከመንገዱ ማዶ ነው፤ የሰማዕታቱ ሐውልት አደባባዩ ላይ ቆሟል። ንጉሠ ነገሥቱ ከስደት ተመልሰው ከጥቂት ዓመታት በኋላ በዚያ ሰፈር አንበሳ ማቆማቸው የእንስሳት ፍቅር ብቻ አይመስለኝም። ልጁ «ለምን እዚህ ታሰረ?» ብሎ ሲጠይቅ የሚሰጠው ሐቀኛ መልስ ይኸው ነው፤ የመንግሥት ምልክት ስለነበረ። «ዱር ውስጥ ስላለቀ ነው» የሚለው መልስ ግን ሐሰት ነው።

በዚያው ቆይታ አንገትን ቀና ማድረግም ይጠቅማል። በዛፎቹ ላይ ማጅራቱ ነጭ፣ ምንቃሩ ከራሱ የሚገዝፍ ቁራ ታያላችሁ፤ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ አይገኝም። በዩኒቨርሲቲው ሣር ላይ ረጅም ቆልማማ ምንቃሩን እየሰካ ትል የሚፈልግ፣ ከጉሮሮው ሥር ቀጭን ሥጋ የሚንጠለጠልበት ትልቅ ጥቁር ወፍ ካለ ደግሞ እሱ የኢትዮጵያና የኤርትራ ደጋ ብቻ ነው፤ ጠዋት ሲነሣ የሚያሰማው ጩኸት ሰፈር ይቀሰቅሳል። «ከእኛ በቀር የትም የለም» የሚባልለት ፍጡር ለማየት የመጣ ሰው፣ ያለ ቲኬትና ያለ ፍርግርግ፣ አንድ የውጭ አገር ወፍ ተመልካች ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር በርሮ የሚመጣበትን ነገር እላዩ ላይ እያሳለፈ ፎቶ የሚያነሣው አንበሳውን ነው።

ተጨማሪ ቀን ያለው ሰው ከከተማ ይውጣ። ከሆለታ ወዲህ ያለው እንስሳ ኮቴ የተሰኘው የቦርን ፍሪ ድርጅት መጠጊያ ከሕገ ወጥ ይዞታ የተያዙ እንስሳት የሚያገግሙበት ነው፤ አስቀድሞ ቀጠሮ መያዝ ያስፈልጋል። አንበሳ ሲታሰር ምን እንደሚሆን ከዚያ በተሻለ የሚያስረዳ ቦታ የለም። የመናገሻ ሱባ ደን ጉሬዛና የምኒልክ ድኩላ አለው። ደብረ ሊባኖስ አፋፉ ላይ ጭላዳ ዝንጀሮ በመንጋ ሣር ሲነጭ ይውላል፤ በእግዚአብሔር ፈቃድ የሚገኝ ሳይሆን የሚጠበቅ ነው፣ ልጅ ለያዘ ሰውም የሚበጀው እንዲህ ያለው ነው። ሦስትና አራት ቀን ካለ ባሌ፤ ሳነቴ አምባ ላይ ቀይ ቀበሮ፣ ዲንሾ ላይ የደጋ አጋዘን። ሐረና ደን ውስጥ አንበሳ አለና እናየው ይሆናል ብሎ ልጆችን ማጓጓት ግን አይገባም፤ የኢትዮጵያ የዱር አንበሳ ዓይናፋር ነው፣ ደኑ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ ነው። አንበሳ ለማየት ብቻ የታቀደ ጉዞ በኢትዮጵያ አብዛኛውን ጊዜ ይከስራል።

የእኔ አስተያየት የሚፈርስበትን መንገድ ላመልክት፤ አስቸጋሪ ሥራ አይደለም። ከአልጣሽ፣ ከከፋ፣ ከሐረናና ከጋምቤላ የአንበሳ ኩስና ፀጉር ተሰብስቦ፣ ስድስት ኪሎ ላይ ከተመረመሩት ነጥቦች ጋር በአንድ ሰንጠረዥ ይቀመጥ። የግቢው አንበሶች ከአንዱ የዱር መንጋ ጋር ከተቧደኑና ያ መንጋ በሙሉ ከሌላው የአፍሪካ አንበሳ ከተለየ፣ የብሩሸ ቡድን ትክክል ነበር፤ አስጎብኚዎቻችንም በአጋጣሚ ትክክል ነበሩ። ከሁሉም ርቀው ብቻቸውን ከቆሙ ግን ያየነው ወይ የቤተ መንግሥትን ሥራ ወይ የጠፋ መንጋን ቅሪት ነው። እስከዚያው በግቢው በር ላይ የሚለጠፈው ሰሌዳ እንዲህ ቢል ይበቃዋል፦ በ1940 ዓ.ም. ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ እንደመጡ የሚነገርላቸው ሰባት አንበሶች ዘር፤ የዱር ወገናቸው ገና አልተለየም።